ከቅቤው ጎን የኖረው ካሴት

ከድር የካሴቱን ክዳን በአውራ ጣቱ ቀና ሲያደርገው የወጣው የፕላስቲክ ሽታ አልነበረም፤ የፈረሰው ቤታችን ሽታ ነበር። ጭስ፣ የከረመ ቅቤ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ከእነዚህም ሁሉ ሥር ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ የሣር ክዳን። ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሽታ ማለት ከአንድ ነገር ተለይቶ አፍንጫ ውስጥ የገባ የዚያው ነገር ቅንጣት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህም በዚያ የሙሽሮች ፎቶግራፍ ግድግዳውን በሸፈነው ጠባብ የቡታጅራ ሱቅ ውስጥ የደረሰብኝን ነገር ሌሎች እንደሚያደርጉት አላሞካሸውም። ባለፈው ዓመት የፈረሰ ቤት ትርፍራፊ ወደ ሳንባዬ ገባ፤ ይኸው ነው።

«ዶክተር፣ ወላሂ፣ ይሄ ካሴት ነው ወይስ ቋንጣ?» አለ ከድር።

እኔ አልሳቅኩም። ከኋላዬ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናቴ ግን እስክታስል ድረስ ሳቀች። «ቋንጣማ ቢሆን ልጄ፣ እስካሁን ማን ያስተርፈው ነበር!»

ከድር ሠርግ በመቅረጽ የሚተዳደር ሰው ነው፤ በከተማው ውስጥ የሚሠራ የድሮ የካሴት ማጫወቻ የቀረው እሱ ዘንድ ብቻ ነው ስለተባልን መጣን። ታላቅ ወንድሜ ሀብቴ አሮጌውን የሣር ቤት አስፈርሶ በቦታው ባለ ሴራሚክ ወለል ቪላ ሲያቆም፣ ከቆጡ ላይ በቃጫ የታሰረ የእንሰት ቅጠል ጥቅልል ወርዶ ነበር፤ ሲፈታም ከውስጡ የልጅነታችን የመስቀል በዓላት ካሴቶች ወጡ። ሀብቴ ልጆቹ እንዲያዩት ሁሉም ወደ ፍላሽ እንዲገለበጥ ፈለገ። እኔ የፈለግኩት አንዱን ካሴት ብቻ፣ ከእሱም የመጨረሻውን ጥቂት ደቂቃ ነበር። አባቴ በመጨረሻው መስቀሉ ልጆቹን አንድ በአንድ ሲመርቅ እኔን ዘሎኝ እንደሆነ፣ ከሰው ወሬ ሳይሆን ከማስረጃ ማወቅ ፈለግኩ።

ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን፣ መስቀል ሲቃረብ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይጠነክር አዲስ አበባ የከተመው ዘመድ ሁሉ ይመጣ ነበር፤ አጥሩ በአዲስ ገመድ ይታሰራል፣ ደጁ ይለቀለቃል፣ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ከአፋቸው ነጥቀው ያጠራቀሙት ቅቤ ከተሰወረበት ይወጣል፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ የከረመበትን ጎምዛዛ ትንፋሹን እየተነፈሰ ወደ ቀን ብርሃን ይመጣል። ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ፣ መርካቶ ሱቅ የነበረው የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ዘርጋ ከብርድ ልብሱና ከስኳሩ ጋር ትከሻ ላይ የሚጫን የቪዲዮ ካሜራ ይዞ ወረደ። መንደሩ በመጀመሪያ የወፍጮ ሞተር መለዋወጫ መስሎት ነበር። ዘርጋ ግን መቀረጽ እንጂ መቅረጽ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ላይ የአጠቃቀሙ መመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩና ካሜራውን ትከሻዬ ላይ ጭኖ «አንቺ ታነቢያለሽ፣ ያዢው» አለኝ። የተማረ ሰው ዕጣ ምን እንደሚመስል የተረዳሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በተከታተሉት መስቀሎች ሁሉ የዘመድ መሳሳም፣ የበሬው መጣል፣ የወንድሞቼ ጭፈራ እየተቀረጸ ተቀመጠ፤ በእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ሁሉም ሰው አለ፣ በሬው ሳይቀር አለ፣ እኔ ብቻ የለሁም።

የካሜራው መመልከቻ ጥቁርና ነጭ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ልጆች በቢጫ አደይና በቀይ ሥጋ የሚያስታውሱትን በዓል እኔ በግራጫ ነው ያሳለፍኩት፤ ክትፎው ጥቁር፣ አይቡ ነጭ፣ የእናቴ አዲስ ቀሚስ በመካከል ያለ ስም የሌለው ነገር። ቀለሙን የማየው ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ዘርጋ ቡታጅራ ካለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ጋር ተነጋግሮ፣ የሕንድ ፊልም ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ ራሱን የሚያይበት አንድ ጠዋት ያስፈቅድልን ነበር። መንደሩ በግማሽ፣ የበዓል ልብሱን እንደገና ለብሶ፣ በእግሩም በጭነት መኪናም መጥቶ አግዳሚ ወንበሮቹን ይሞላል። አባቴ ከፊት ተቀምጦ በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ያለው ራሱ ጎንበስ ባለ ቁጥር «ቀና በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» እያለ ይቆጣው ነበር፤ እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትንቀጠቀጣለች፤ አንዲት አክስታችን ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ ዘመድ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሣለች። አንድ ጊዜ አባቴ ድንገት ወደ ኋላ ዞሮ «የኛዋስ የት አለች? አትታይም እኮ» አለ። ዘርጋም «እሷማ የካሜራው ዓይን ናት፣ ጋሼ፤ ሲያይህ እሷ ናት የምታይህ» ብሎ መለሰለት። አባቴ ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። በቁም ነገር እንደተቀበለው ያኔ አላወቅኩም።

የመጨረሻው መስቀል የመጣው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ባመጣሁበት ክረምት ማግስት ነው። በዚያው ክረምት ወልቂጤ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮ አባቴ ቃል ሰጥቶ ነበር፤ እኔም አላገባም ብዬ ቃሉን አፈረስኩበት። ቃሉ በሴት ልጁ የፈረሰበት አባት ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ አይጮህም፣ አይማታም፤ ከልጂቱ ፊት ለፊት ቆሞ «ውሃ ታምጣልኝ በሏት» ይላል። ያን ክረምት በዚህ ዓይነት ብዙ ውሃ አመጣሁለት። በመስቀል ዕለት ከተበላ በኋላ እንደ ወጉ እርጥብ ሣር ጨብጦ ቆመ፤ ወንድሞቼም በዕድሜ ቅደም ተከተል እየቀረቡ ተንበረከኩ፤ ለእያንዳንዱ ስሙን እየጠራ ዕድሜውን፣ ንግዱን፣ ዘሩን ሲመርቅ ቤቱ በአንድ አፍ «አሜን» ይላል። እኔ ካሜራውን ተሸክሜ ከምሰሶው አጠገብ ነበርኩ። የመጨረሻው ወንድሜ ተመርቆ ሲነሣ መመልከቻው ውስጥ የባትሪው ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ዘርጋም «ባትሪው! ሩጪ፣ መኪናው ውስጥ ሌላ አለ!» ብሎ ጮኸብኝ። ካሜራውን ሳላጠፋ፣ ራሱ ይጠፋ የለ ብዬ፣ ምሰሶው ሥር ካለችው ዝቅተኛ መቀመጫ፣ ከዱካው ላይ አስቀመጥኩትና ሮጥኩ። ስገባ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ከብቶቹ እየሄደ ነበር፤ ካሜራውም ሞቷል። አዲሱን ባትሪ በእጄ ይዤ መሃል ቤት ቆምኩ። የሆነውን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ ምርቃት የሚጠየቅ ነገር መስሎ አልታየኝም።

ቪዲዮ ቤት ለመሄድ ሳንደርስ ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። እሱም የመጀመሪያውን እረፍት ሳልመጣ ሞተ። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ስለ እኔ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቷ ሳይመርቃት የሄደች ልጅ። ባል አለማግባቴን በዚህ አስረዱት፤ ልጅ አለመውለዴን በዚህ አስረዱት፤ የሦስተኛ ዲግሪዬንም ሳይቀር በዚሁ አስረዱት፣ ሌላ ምን ሥራ አላት በማለት። ሐኪም መስያቸው ወገባቸውን እንድመረምርላቸው የሚያሳዩኝ፣ በዚያ መስቀል ያልመጡ አክስቶቼ በዚያው አፋቸው ከንፈራቸውን ይመጡልኛል። ይህን ሁሉ መናቅ ለእኔ ቀላል ነበር። ቀላል ያልነበረው፣ በጎልማሳነቴ ዘመን ሁሉ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እኔም እንደ እነሱ ማመኔ ነው።

እናቴ ያን ካሴት አላስነካችም። ሐዘን ላይ ያለ ቤት በቪዲዮ አይሳቅም ብላ፣ ከቀደሙት ካሴቶች ጋር በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ፣ ከመስቀል ቅቤዋ ጎን አኖረችው። በእኛ ቤት ውድ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ጭስ ዘሩን ከነቀዝ፣ ቅሉን ከመሰንጠቅ፣ ሣሩን ከምስጥ ይጠብቃል፤ ጭስ ያልነካው ነገር አይከርምም። ይህን ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የተማረችው ነውና ማንም ስህተት ሊለው አይችልም። ሙቀትና የጭስ አሲድ የአንድን ማግኔታዊ ፊልም ማጣበቂያ ምን እንደሚያደርጉት የማውቀው እኔ ደግሞ ካሴቱ የት እንደተቀመጠ ጠይቄ አላውቅም። ስልክ በደወለች ቁጥር «ያን ካሴት መጥተሽ እይው እንጂ» ትለኝ ነበር። የዘለለኝን ሰው ደግሞ ሲዘለኝ ለማየት ጊዜ የለኝም እላታለሁ፣ በልቤ።

ከድር ፊልሙን በስፒሪት ጠርጎ፣ ወደ ሌላ የካሴት ቅርፊት አዛውሮ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘውና አጫወተው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብዙ በረዶ ዘነበ። ከዚያ ቤታችን መጣ፤ በቀለም፤ የእናቴ ቀሚስ ለካ አረንጓዴ ኖሯል። አባቴ ቆሟል፣ ሣሩን ጨብጧል፣ ሀብቴ በጉልበቱ ነው። አፉ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን የዝናብ ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«ድምፁስ?» አልኩ።

«ድምፅ የሚጻፈው ከፊልሙ ጠርዝ ነው፣ ዶክተር። ምስሉ መሃል ነው። ጠርዙ በሙቀት ተኮማትሯል።» ቁልፎቹን አንድ ሁለት ጊዜ ነካካና ተወው። «ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። እማማ፣ ይቅር በሉኝ።»

እናቴ አልሰማችውም። ወንበሯን ስባ ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ተጠግታ ነበር። ወንድሞቼ እየተነሡ ሄዱ፤ ምስሉ በድንገት ተናወጠ፣ ዝቅ አለ፣ ከዱካው ቁመት ላይ ቆመ፤ ያን ጊዜ ነው እኔ የሮጥኩት። አባቴ በሩን ተመለከተ። መውጣቴን አረጋገጠ። ከዚያ ሣሩን እንደጨበጠ ወደ ካሜራው መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ የመስተዋቱን ዓይን ትክ ብሎ አየውና መናገር ጀመረ። ከሌሎቹ ለማንኛቸውም ከተናገረው ይልቅ ረዥም ነበር። በየመሃሉ ዝም ይላል፤ ዝም ባለ ቁጥርም ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች አፍ ሁሉ በአንድነት ይከፈታል። እርግማን አሜን አይባልም። ወቀሳም አሜን አይባልም።

«አሜን» አለች እናቴ፣ ሱቁ ውስጥ። አፎቹ እንደገና ተከፈቱ። «አሜን።»

«ምንድን ነው ያለው?» አልኳት። «እማ፣ ምን ነበር ያለኝ?»

«አሁን አታቋርጪው፤ ሲያልቅ እነግርሻለሁ» አለችኝ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች። «‹እንዳትነግሯት፤ ካሴቱን ስታይ ከራሴ አፍ ትስማው› አለን። ቤት የነበርነው ሁሉ ቃል ገባንለት፣ ሲሞትም አላፈረስነውም። የሱን ቃል በኔ አፍ አሳንሼ ልስጥሽ እንዴ?»

«አሁን ስጪኝ።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አገላበጠች። «ድሮ አንዱም አይጠፋኝም ነበር፣ ልጄ። ኋላ ግን... ካሴቱ ይዞታል ብዬ እኔ ለቀቅኩት።»

ከድር ወደ ደጅ ወጥቶ ከባጃጅ ነጂ ጋር ወሬ ጀመረ። ጨዋ ሰው ነው።

አሁን ፋይሉ እኔ ዘንድ አለ፤ በሀብቴ ስልክም አለ፤ እናቴም የራሷን ፍላሽ ጠይቃ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በአዲሱ ቪላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤዋ ጎን አስቀምጣዋለች፤ «ከእንግዲህ ጭስ የለም፣ አትፍሪ» ብላኛለች። ሳይንሱ በዚህ ረገድ የሚለውን ልነግራት ጀምሬ ተውኩት። ድምፁን ለማስመለስ የምችለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ኮምፒውተሩ የአባቴን ንግግር የሚያሳየው ተራራ በሌለው አንድ ረዥም መስመር ነው። ከንፈሩን ለማንበብም ሞከርኩ፤ ስሜን እለያለሁ፣ ከስሜ በኋላ ያለውን አልለይም። ወንድሞቼንም ዘርጋንም ጠየቅኩ፤ ሁሉም አሜን ማለታቸውን እንጂ ቃሉን አያስታውሱም። ሳልመረቅ ሄድኩ የሚለው የዘመኔ ሙሉ እምነት ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል፤ እውነቱ ግን በምን ቃል እንደነበረ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ከምሬት ነፃ ያወጣኛል ያልኩት ማስረጃ ይህን ያህል ነው የሰጠኝ፤ አነስተኛ ነው አልልም።

አንድ ነገር ደግሞ ሰጥቶኛል። ዱካው ላይ ስጥለው ካሜራው ጥቂት ዞሮ ስለነበር የምስሉ ግራ ጠርዝ የበሩን ግማሽ ይዟል፤ ከበሩ ባሻገር የመስከረም ፀሐይ የመታው ደጅ፣ አጥሩና የዘርጋ መኪና ይታያሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሲናገር፣ ከትከሻው በላይ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከመኪናው ወጥታ፣ አንድ ነገር በሁለት እጇ እንደ እንቁላል አቅፋ ወደ ቤቱ ትሮጣለች። በካሴቶቹ ሁሉ ውስጥ ያለሁት እዚያ ብቻ ነው። ቀሚሴ ቀይ ነው። አባቴ ቀና ይላል፣ አፎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ልጅቷም እግሯን ወደ በሩ ደፍ ስታነሣ ባትሪው ያልቃል።