እንደ ታጠበ ቡና የታጠበው ወይን

በቀደም አንድ ለቅሶ ቤት ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «የፈረንጁን ወይን ያበላሸችው እሷ ናት» አለች አንደኛዋ። ዞር አላልኩም። ወሬው ከማን አፍ እንደ ወጣ አውቃለሁ። የወሬው ባለቤት ዛሬም በሕይወት አለች፤ ጥርሷ ረገፈ እንጂ ምላሷ አልረገፈም። ስሟን አልጽፍም። ጂማ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቃት ያውቃታል።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ጂማ፣ መርካቶ አጠገብ በነበረ የቡና መጋዘን ለቃሚ ነበርኩ። የቀን ሠራተኛ ማለት ነው፤ ቡና ካለ ዘበኛው ያስገባናል፣ ከሌለ ከበር ይመልሰናል። አንድ ዓመት አንድ የቋሚ ሠራተኛ ቦታ ተከፈተ። ቋሚ የሆነ ሰው ቡና ኖረም አልኖረም ይገባል። እኔ በለቀማ ላይ ዓይኔን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ቦታው ይገባኝ ነበር። አለቃችን ግን ለእህቷ ልጅ አስባዋለች፤ ልጅቱ ደግሞ ፍሬና ጠጠር አትለይም። አለቃችን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበርም ስለ ነበረች ደፍሮ የሚናገራት አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። በዚያ ዘመን ማን ተናገረ?

ከከተማው በላይ ጅሬን ዳገት ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ የእርሻ ባለሙያ ይኖር ነበር። በግቢው ውስጥ ጣሊያን ተክሎት የሄደ ወይን አለ። ያን ዓመት ወይኑ አብዝቶ አፈራና ሰውየው የወይን ጠጅ ልጥመቅበት አለ። ሥራ አስኪያጃችን እዚያው አገር የተማረ፣ ቋንቋቸውን የሚችል ሰው ስለ ነበር «ለቃሚ ከእኔ» ብሎ ቃል ገባለት። ለአለቃችን ያዘዛትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «የበሰበሰውንና ጥሬውን ለዩ፣ እንጨቱን አውጡ፣ አንደኛ ደረጃ እንደ ታጠበ ቡና አድርጉልኝ። ለቋሚው ቦታም በዚህ ሥራ አያችኋለሁ።»

ንጹሕ ይሁን ማለቱ ነበር።

ሦስት ሆነን ወጣን፤ አለቃችን፣ እኔ፣ እና ሁላችን አዴ የምንላቸው አንዲት ትልቅ እስላም ሴት። ከመጋዘኑ ለቃሚዎች ሁሉ አንጋፋዋ እሳቸው ነበሩ። ለወይን ጠጅ ነው ሲባሉ ትንሽ አሰቡና «ፍሬው ሐላል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈረንጁ ይጠየቅበት» ብለው ተቀመጡ።

የሻገተውን ለየን፣ አረንጓዴውን ለየን፣ ተርብ የበላውን ጣልን፣ ፍሬውን ከእንጨቱ አላቀቅን። ሦስት ቅርጫት ሙሉ የሚያብረቀርቅ ወይን ወጣው። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

«በሉ እንፈልፍል» አለች አለቃችን።

«ምኑን?» አልኩ።

«ወይኑን ነዋ። የታጠበ ቡና ሳይፈለፈል ይታጠባል? አንቺ ስንት ዓመት ነው የሠራሽው?»

አዴ አንዷን ፍሬ ጨመቅ አድርገው የወጣውን ዘር መዳፋቸው ላይ አዩት። «ኩን ማሊ? ይህ ምንድነው፣ ቡና ነው ጤፍ?»

«የፈረንጅ ነገር ደቃቅ ነው።»

«ልጄ፣ በእኛ ቤት እኮ የቡናው ገለባም ፈልቶ ይጠጣል። የዚህን የወይኑን ውሃ ባንደፋው...»

«አዴ፣ እርስዎ ወይን ጠጅ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«አስተግፊሩላህ።»

«እንግዲያው ለምናውቀው ይተዉልን።»

እሷም ቀምሳ አታውቅም ነበር። ደግሞ ጂማ ላደገ ሰው ነገሩ ያን ያህል ሞኝነት አልነበረም፤ ከቡና የሚጠጣው ዘሩ ነው፣ ሥጋው ለፍግ ነው። እኔ አምኜ ነበር ወይስ አላመንኩም የሚለውን ለራሴ ልተወው። የታዘዝኩትን ሠራሁ። ከሠራሁ አይቀር ግን አሳምሬ ሠራሁ። አንድ በአንድ ፈለፈልኩ፣ ውሃ ውስጥ አሳደርኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ የተንሳፈፈውን ጣልኩ። በማግስቱ ሦስቱ ቅርጫት አንድ ጣሳ ዘር ሆነ።

«አነሰ» አልኩ።

«ጥራት ነው» አለች።

ከቀትር በኋላ ፈረንጁ ወገቡን የሚያክል ባዶ ደንበጃን፣ ሆደ ሰፊ የጠጅ ጠርሙስ፣ ታቅፎ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጣ። አለቃችን ዘሩን ትሪ ላይ አስጥታ ነጭ ጨርቅ አልብሳዋለች። ቀድማ ብድግ አለች። «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሠራሁት እኔ ነኝ። የለቀመችውም የእህቴ ልጅ ናት።» የእህቷ ልጅ ዳገቱን ረግጣው አታውቅም። ፈረንጁ ተተረጎመለትና እጇን ጨበጣት። ከዚያ ጨርቁን ገለጠች።

ሰውየው ትሪውን አየ፣ ሐረጉን አየ፣ ደንበጃኑን አየ። አንድ ነገር ጠየቀ።

«ወይኑ የት አለ? ይላል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይኸው።»

«የወይኑ ውሃስ? ይላል።»

አዴ በአገጫቸው ግቢው ጥግ ወዳለው የሙዝ ተክል አመለከቱ። «ሙዙ ጠጥቶታል።»

ሥራ አስኪያጁ በዝግታ «ይህ እኮ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አለ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም፤ ሰው ያሳስር ነበር። አለቃችን በጣቷ ጠቆመችኝ። «ጓድ፣ እኔ አንድ ፍሬ አልነካሁም። የእህቴ ልጅም እዚህ አልደረሰችም። የፈለፈለችው፣ ያጠበችው እሷ ብቻዋን ናት። አብዮቱ ምስክሬ ነው።»

«ኧረ አሁን አይደል እንዴ እኔ ነኝ ያልሽው?» አሉ አዴ።

«የእርስዎ ጆሮ ደክሟል።»

ፈረንጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዘሩን ከእጅ ወደ እጅ ያፈስሰው ጀመር። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ዓይኑን ጠርጎ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሥራ አስኪያጁም ሳይወድ ተረጎመ። «አባቴም አያቴም ወይን ጠማቂ ነበሩ፤ እንዲህ የጠራ ዘር ግን አንዳቸውም አላዩም ይላል። አንድ የተሰበረ የለበትም ይላል። ይህን የሠራ እጅ ከቡናችሁ ላይ መነሳት የለበትም ይላል።» ቀጥሎም «የማን እጅ ነው? ይላል» አለ።

አለቃችን አፏን ከፈተች። አየኋት። ጨርቁን አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

«ተናግራለች እኮ» አሉ አዴ ወደ እኔ እያሳዩ። «በአብዮቱ ምላለች።»

በሳምንቱ የቋሚነት ደብዳቤዬ ተጻፈ። ከግርጌው የቅርብ አለቃ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ፊቴ ቁጭ ብላ ፈረመች። እስክሪብቶውን ከመጫኗ የተነሳ ወረቀቱ ተበሳ።