የሳኒ ሁለተኛ እናት

የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የባሮ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ክረምት፣ ጋምቤላ ውስጥ ኦኬሎ ግቢ ሰዎች ለቅሶ ተቀመጡ። የሞተችው ሚስቱ አባንግ ናት ተብሏል። ጎረቤቷ ነሲባ ሰው መሀል ብዙ የምታወራ ሴት አልነበረችም፤ የዚያን ቀን ግን ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጣ አፏ አልከደን አለ።

"አባንግን እንደ እኔ የሚያውቃት የለም" አለች።

ነሲባ በሙሽርነት ከጅማ የመጣች ጊዜ ወበቁ ሊገድላት ደርሶ ነበር። ባሏ መሐመድኑር ጨውና ጨርቅ ሲነግድ ይውላል፤ እሷ ቋንቋ አታውቅ፣ ሰው አታውቅ። የበኩር ልጇን ሳኒን በወለደች ሰሞን ወባ ጣላትና ጡቷ ደረቀ። የሕፃኑን ለቅሶ ሰምታ ከአጥር ማዶ የመጣችው አባንግ ነበረች። የራሷን አራስ ልጅ ዶርቃን በአንድ ጎን፣ ሳኒን በሌላው አቅፋ አጠባች። አማርኛዋ ያኔ ከ"እሺ" እና "ነይ" አያልፍም፤ ነሲባ ግን ሁሉም ገባት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች አንድ ሆኑ። የኦኬሎ ወንድም ሲሞት አባንግ ልጆቹን ከራሷ ልጆች ጋር ደባልቃ አሳደገች፤ እንግዳ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ሁለት ምራቶቿ የተኳረፉ ጊዜ ደግሞ አንድ ሙቀጫና ሁለት ዘነዘና አቀረበችላቸው። አንዷ ሌላዋን ካላየች ዘነዘናው ይጋጫልና ሳይወዱ በግድ ተያዩ፤ በቆሎው ሳይደቅ ይስቁ ነበር።

"አሁን ማን ያስታርቀናል?" ብላ ነሲባ እንደገና አለቀሰች።

መርዶውን ያመጣው ዓሣ አጥማጁ ኦፒው ነው። አባንግ፣ ኢታንግ ያገባችው ዶርቃ ልትወልድ ስለሆነ፣ ልታርሳት በታንኳ ከወረደች ሰንብታለች። ኦፒው የተገለበጠውን ታንኳና ቀይ ሻሿን ቄጠማ መሀል አገኘ። ሌላ ምን ይባላል?

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ከወንዙ በኩል ኡኡታ ተሰማ። አንዲት ሴት ራሷን ይዛ ትሮጣለች።

"ኦኬሎ! ኦኬሎ!"

አባንግ ነበረች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቷታል። ግቢዋ በለቀስተኛ ተሞልቶ ከሩቅ ስታይ ባሏ የሞተ መስሏታል።

ኦኬሎ ብድግ አለ። እሷም ፊቱን በሁለት እጇ ዳስሳ፣ ዳስሳ፣ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ነሲባ እየተንገዳገደች ደረሰች። "የዶርቃ እናት! የምናለቅሰው እኮ አንቺን ነው!"

"እኔን?" አባንግ ዙሪያዋን አየች። "አልሞትኩም፣ የሳኒ እናት። ጉማሬ ታንኳ ገለበጠ። እኔና ቀዛፊው ዋኘን። መንገድ ሁሉ ውሃ ነው፣ በእግር ዞርን፣ ኢታንግ ገባን።"

"ዶርቃስ?"

"ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና።"

"አልሐምዱሊላህ!" ነሲባ ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ የወረደላት ያህል ተነፈሰች። ከአባንግ ቤተ ክርስቲያን ለለቅሶ የመጡት ሴቶች የጀመሩትን የሐዘን መዝሙር ትተው በእልልታ ሌላ አነሱ፤ ለለቀስተኛ የተሰናዳው ዓሣና ገንፎ ለደስታ ተበላ። ኦፒው አፍሮ ጥግ ይዞ ነበር፤ አባንግ ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠችው።

ነሲባ ውሃ አሙቃ የአባንግን እግር ታጥብ ጀመር። ጭቃው ሳይለቅ አባንግ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳትነቃ ብሎ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይስቅ ነበር።