እትዬ እና የግሪክ የጾም ገበታ

ያን ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሁላችንም ዝለን ነበር። እኔ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ የአንድ ቤት ቤዝመንት ተከራይቼ እኖራለሁ። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ባለቤቶቹ ጋሼና እትዬ ናቸው። ጋሼ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ በሌሊት ሺፍት ፎርክሊፍት ይነዳሉ። እትዬ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያነሡና ሲያስተኙ ይውላሉ። ሲገቡ ጫማቸውን ለማውለቅ እንኳ አቅም ስለማይኖራቸው ደረጃው ላይ ትንሽ አረፍ ይላሉ። እኔ ደግሞ የእርማት ወረቀቴን ታቅፌ በአጠገባቸው አልፌ እወርዳለሁ። ከሰላምታ በቀር የምንነጋገርበት ጉልበት አልነበረንም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እትዬ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ቺካጎ ትሠራለች፤ እጮኛዋ እዚያ የተዋወቀችው የግሪክ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት የልጁ እናት ከአገሯ ለጥየቃ መጥታ በገዛ እጇ ምሳ ሠርታ ጋበዘቻቸው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እትዬ የቀረበውን ሁሉ እያዩ "አመሰግናለሁ፣ ጠግቤአለሁ" አሉና ውሃ ብቻ ጠጥተው ተነሡ። እየጾምኩ ነው ማለት መመጻደቅ መሰላቸው። ሴትየዋ ግን "ምግቤን ተጸየፈችው" ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እትዬ ይህን ከልጃቸው የሰሙት ከወራት በኋላ፣ ሰርጉ ግሪክ አገር በወንዱ ወላጆች መንደር እንዲሆን ከተወሰነ ወዲያ ነው።

በማግስቱ ከሥራ እንደ ገቡ ወደ እኔ ወረዱ።

"አንቺ አስተማሪ ነሽ" አሉኝ። "የእነዚህን ሰዎች ምግብ አስጠኚኝ። የትኛው የጾም፣ የትኛው የፍስክ እንደሆነ ልወቅ። ሁለተኛ ሴትየዋን አላስለቅስም።"

ማስተማር ከተባልኩ ድካሜን እረሳለሁ። የግሪክን ምግብ ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል ተጓዥ ሁሉ እንዲቀምሰው የሚመከረውን የፍስክ ምግብ አደረግሁ፦ ሙሳካ፣ ማለትም ደበርጃን ከተፈጨ ሥጋ ጋር ተደራርቦ፣ በወተትና በቅቤ የተሠራ ወፍራም ስጎ ፈስሶበት በምድጃ የሚጋገረው፤ ደግሞም ከድንችና ከሎሚ ጋር ቀስ ብሎ የሚበስለው የበግ ጥብስ። በሌላ በኩል የጾሙን፦ ፋሶላዳ የሚሉትን የነጭ ባቄላ ሾርባ፣ ሩዝ የተጠቀለለበትን የወይን ቅጠል፣ ሆርታ የሚሉትን በወይራ ዘይትና በሎሚ የራሰ ቅጠላ ቅጠል። እትዬን ያስቸገራቸው ስፓናኮፒታ ነው። ጎመን የመሰለ ቅጠል በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ሲያዩት ጾም ነው ይላሉ፤ ውስጡ ግን አይብ አለ።

"እንግዲህ ጎመኑም ሊያታልለን ነው" አሉ ጋሼ፣ ለሥራ ሊወጡ ጃኬታቸውን እየለበሱ። "ቲቸር፣ ፈተናው መቼ ነው? እኔ ከአሁኑ ወድቄአለሁ።"

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የሰርጉ ቀን ነበር። ሰርጉ ኦገስት ላይ ነው፤ ኦገስት ደግሞ ፍልሰታ አለ። ልጅቷ ግን "ሰርጉ ከጾሙ በኋላ ነው፣ ማሚ፣ ዶንት ዎሪ" ብላ ገላገለችን። እነሱም እንደ እኛ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ረቡዕን ባይጠብቁትም የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። እኔም ነገሩ በሚገባ የተደላደለ መስሎኝ፣ ከጾሙ በኋላ ስለሚበላው በግ አስረዳኋቸው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ቃል ብቻ አይበቃም ብዬ አንድ ዓርብ ማታ ሁለቱንም ቤክስሊ አካባቢ ወዳለች ትንሽ የግሪክ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ባለቤቷ ራሷ የምታበስል፣ ቁርጭምጭሚቷ ያበጠ አሮጊት ናት። ዓርብ ስለሆነ የጾም እንደምንፈልግ ስነግራት ፊቷ በራ። አማተበችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

መጀመሪያ የመጣው ፋቫ ነው፤ ከቢጫ ክክ የሚሠራ፣ ቀይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ከላይ ጣል የተደረገበት። እትዬ በዳቦ ጫፍ ቀመሱ።

"ይኼማ የክክ አልጫ ነው" አሉ። "እርድ ረስታበታለች እንጂ።"

ያን ዓመት እንዲህ በደስታ ሲበሉ አላየኋቸውም ነበር። የወይን ቅጠሉን በሉ። ዪጋንደስ የሚባለውን፣ በቲማቲም የተጋገረ ትልልቅ ባቄላ በሉ። ጋሼ ዳቦ አስጨመሩ። ከዚያ ሴትየዋ በሁለት እጇ አንድ ሳህን ይዛ፣ ለክብራችን ያዘጋጀችው መሆኑን እየነገረችን መጣች። የተጠበሰ ኦክቶፐስ ነበር፤ ክንዶቹ ተጠቅልለው ከነመምጠጫቸው ይታያሉ።

ጋሼ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። "ይኼ ምንድን ነው?"

"ኦክቶፐስ ነው ጋሼ" አልኩ። "ግሪኮች በጾም የማይበላው ደም ያለው እንስሳ ነው ይላሉ። ይኼ ደም የለውም ብለው ስለሚቆጥሩት የጾም ነው።"

"ደም ከሌለው ይኼን ሁሉ እግር በምን አንቀሳቀሰው?"

"አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ዳቦውን አቅርቢልኝ" አሉ እትዬ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በጾምም በፍስክም በእኛ ገበታ እንደማይገባ ለባለቤቷ አስረዳኋት። አልከፋትም። ሳህኑን ወደ ሌላ ጠረጴዛ አዛወረችና ከእኛ ጋር ተቀመጠች፤ እግሯን ለማሳረፍም መሰለኝ። ስለ ሰርጉ ነገርኳት። ከጾሙ በኋላ ነው አልኳት።

"ጥሩ ነው" አለች። "ከኦገስት አሥራ አምስት በኋላ በግ ይታረዳል።"

ይህን ለእትዬ መተርጎም ጀምሬ መሐል ላይ ቀኖቹን በጣቴ መቁጠር ያዝኩ።

እንዲህ ነው። የእኛ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ አንድ ቀን ነው፤ በፈረንጅ ኦገስት ከገባ ወደ ሳምንት ሊሞላው ሲል። እነሱ የሚጀምሩት ኦገስት በገባ ዕለት ነው። ስለዚህ ቀድመውን ጀምረው ቀድመውን ይፈታሉ። እነሱ በጉን በሚያርዱበት ሰሞን እኛ ገና ጾሙ መካከል ነን። ልጅቷ አልዋሸችም፤ "ከጾሙ በኋላ" ያለችው በእነሱ ጾም እውነት ነበር። እሷ በእጮኛዋ ቤት አቆጣጠር ተናገረች፤ እኛ በራሳችን ሰማን፤ ማንም ቀኑን አልጠየቀም።

እትዬ ፊቴን አይተው ገባቸው። የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ።

"በፍልሰታ ነው ልጄ የምትዳረው?"

ባለቤቷም የሆነ ነገር እንደተበላሸ አውቃ ባቄላውን በዕቃ አድርጋ ሰጠችን።

መኪና ውስጥ ልጃቸው ጋ ኮል አደረጉ። ድምፁን ከፍተውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ማሚ፣ አዳራሹ ቡክ ተደርጓል፤ ቸርቹ ቡክ ተደርጓል። ዴቱን ቼንጅ ማድረግ አይቻልም። አይ ቶልድ ዩ፣ አፍተር ዘ ፋስት።"

"የማንን ጾም ነው የነገርሽኝ?"

ልጅቷ በአማርኛ፣ በዝግታ፣ "አትመጪም ማለት ነው?" አለች።

እትዬ ስልኩን ለጋሼ ሰጧቸው።

ቀጥሎ የመጡት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ማስረዳት የምወድ ሰው የማስረዳው አጣሁ። ሻንጣው ሳሎን መሐል አፉን እንደከፈተ ቆሞ ነበር። ጋሼ ልብሳቸውን አንድ በአንድ ይከቱበታል፤ የእትዬ ጎን ባዶ ነው። አንድ ቀን ሁለቱን ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ጋሼ፣ "እኔ እሄዳለሁ። ልጄ ለብቻዋ አትቆምም" አሉ።

"ሂድ፤ ማን ያዘህ?" አሉ እትዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እኔ በፍልሰታ ሰርግ ቀርቶ ሙዚቃ ከፍቼ አላውቅም። አንድ ልጅ ነው የወለድኩት። እኔ ሳልኖር ብትዳር ደግሞ ምን እናት ነኝ?" አሉ። እግራቸውን እያሹ ብዙ ቆዩ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ እኔ ወርደው ነገሩኝ።

"ሥርዓቱን የሚፈጽሙት እነሱ ናቸው፤ አንቺ እናት ነሽ፤ ሄደሽ ልጅሽን መርቂ አሉኝ። አትጨፍሪ፤ ጾምሽን አትፍቺ። ጾመኛ ነኝ ብለሽ ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪባቸው አሉኝ።" አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "እንግዲህ እንደገና አስጠኚኝ።"

ትምህርቱን እንደ አዲስ አዘጋጀሁ። አሁን ክፍሉ ሁለት ሳይሆን ሦስት ሆነ፦ ለሁላችንም ጾም የሆነው፣ ለእነሱ ብቻ ጾም የሆነው፣ ለማንም ጾም ያልሆነው። በጾም ወደ ግሪክ የሚጓዝ የአገሬ ሰው ይህን ቢይዝ አይራብም፤ አይሳሳትምም። ፋቫን፣ ሆርታን፣ ባቄላውን ያለ ሥጋት ይብላ። ወይን ቅጠሉን ግን ሥጋ ይኑርበት አይኑርበት ይጠይቅ። ታራማ የሚሉት ሮዝ ቀለም ያለው ማባያ የዓሣ እንቁላል ነው፤ ለእነሱ እንጂ ለእኛ የጾም አይደለም። ሐልቫ ከሰሊጥ ይሠራል፤ ባቅላቫ ግን ቅቤ ይገባበታል። ስኮርዳሊያ በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ ድንች ነው። ስኮርዳሊያ ጋ ስንደርስ እትዬ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስዳቸው ስለነበር፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሳያውቁት ነው የሄዱት። ስለ ጾሙ ግን አስቀድመው ለልጃቸው ነግረው ለሴትየዋ እንድታደርስላቸው አደረጉ። በዚህ ጊዜ ዝም አላሉም።

በሰርጉ ዕለት እኔ ለመጪው የትምህርት ዓመት የግድግዳ ካርቶን እየቆረጥኩ ነበር። እዚህ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ማታ ነው። ጋሼ በቪዲዮ ደወሉ። መብራት፣ የሰው ጀርባ፣ ጣሪያ፣ ከዚያ እትዬ ታዩኝ። በሐበሻ ቀሚሳቸው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው በድካም ቀልቷል። ከፊታቸው ባቄላ፣ ፋቫና ሆርታ ቀርቧል። አጠገባቸው የሙሽራው እናት ተቀምጣለች። በእሷም ፊት ባቄላ፣ ፋቫና ሆርታ ብቻ ነው ያለው። በትሪ የቀረበው በግ በመካከላቸው ሳይነካ ይጤሳል።

"አየሻት?" አሉኝ እትዬ። "እንግዳዬ እየጾመች እኔ አልበላም ብላ ነው። ልጄን አስተርጉሜ ብዪ ብላት እምቢ አለች። ሁለት ሳምንት ጾማ በቀደም ነው የፈታችው። ሥጋውን አሥሬ በዓይኗ ታየዋለች፤ እንደ እኔው የደከማት ሴት ናት።"

"አሁን ደግሞ እሷ ጾማ አንቺ ልታለቅሺ ነው" አሉ ጋሼ ከስልኩ ኋላ።

እትዬ እጃቸውን ወደ ትሪው ዘረጉ። ከአጥንቱ የላላውን ሥጋ በጣታቸው ቆርጠው፣ ስቡን ለይተው፣ በዳቦ ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረው ጉርሻውን ወደ አፏ አስጠጉ። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ወደ ጎን አየች፤ የሚያስረዳት ሰው ግን በአጠገቧ አልነበረም። አፏን ከፈተች። ስትውጥ እትዬ ሌላ እያዘጋጁ ነበር፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል። በሁለተኛው እየሳቀች ራሷ ጎንበስ አለችላቸው።

እትዬ ጣቶቻቸውን አልላሱም። ናፕኪን አንሥተው አንድ በአንድ በደንብ ጠረጉና ወደ ባቄላቸው ተመለሱ።