ልብ የወለደው

ልጅ ሳለሁ ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር እውነትም የሰው ልብ አምጦ የሚወልደው ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብለው ያሳመኑኝ አዴ ጫልቱ ናቸው። አዴ ጫልቱ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ሸንኮራ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ፤ አማርኛን ካደጉ በኋላ ገበያ ላይ ስለተማሩት፣ እኛ ሳናስበው የምንውጠውን ቃል እሳቸው አኝከው ነበር የሚውጡት።

ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር አክስቴ ብዙነሽ ኩራዟን ለኩሳ፣ ከሰሉ ላይ በቆሎ ደርድራ፣ በኪራይ ያመጣችውን መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነብልን ነበር። ክፉ ሰው ታሪኩ ውስጥ ከገባ መጽሐፉን ትዘጋና እንደ ጎረቤት ትሰድበዋለች። የወንጀሉን ስታነብ ከበሩ ጀርባ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እግሬን እሰበስባለሁ፤ የፍቅሩን ስታነብ አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። አይቼው የማላውቀው ባሕር ያቺ አንዲት ክፍላችን ውስጥ ሲገባ አፌን ከፍቼ እቀር ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያ ቀጭን ወረቀት እንዴት ቻለው እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ጊዜ አዴ ጫልቱ «ይሄ ነገር በእውነት የሆነ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ልብ ወለድ ነው» አለች አክስቴ።

ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። «ልብ ከወለደውማ ውሸት አይደለም» አሉ። «ውሸት የሚወልደው ምላስ ነው።»

ከዚያ የወታደሩ መጽሐፍ መጣ። አንድ ልጅ ጦር ሜዳ ይሄዳል፤ እናቱ በር በሩን እያየች ትጠብቀዋለች። የአዴ ጫልቱም አንድ ልጅ ቶሎሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟልና፣ ያን ሰሞን መሳቃቸውን ተዉ። አክስቴ ሌላ መጽሐፍ ላምጣ ብትላቸው «ተይ፣ ልጁን መንገድ ላይ ጥለነው አንሄድም» አሉ። የመጽሐፉ ልጅ ከሞተ ቶሎሳም የሚሞት ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸውም እንደዚያ ሳይመስላቸው አልቀረም።

በመጨረሻው ምሽት አክስቴ ጎን ተለጥፌ ተቀመጥኩ። አክስቴ ታነባለች። ልጁ ሞጆ ላይ ከጭነት መኪና ወርዶ፣ አቧራ ለብሶ እናቱ ደጃፍ ላይ ውሃ ለመነ፤ እሷም ድምፁ ጎርንኖባት ሳታውቀው ጣሳውን አቀበለችው፤ ሲቀበላት ግን አውራ ጣቱ ላይ ባለው የቢላዋ ጠባሳ ለየችው። ጠባሳውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ቶሎሳ ሸንኮራ ሲልጥ የቆረጠው ነው።

ያኔ ፊደል ለይቼ ስለነበር አንገቴን አስግጌ ገጹን አየሁት። ሞጆ የሚል የለም። ጣሳም የለም። «መርዶ» የሚል ቃል ግን ነበረ። የአክስቴ ዓይን ከወረቀቱ አልተነሳም፣ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም። መጽሐፍ ከሰው ውስጥ እንደሚወጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አዴ ጫልቱ እንባቸውን ጠርገው ተነሱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ብዙነሽ፣ ሌላ ቀን ስታነቢ ገጹን ትገልጪ ነበር። ዛሬ አልገለጥሽም።»

አክስቴ አቀረቀረች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አዴ።»

«ምን አጠፋሽና? ልብ ወለድ ነው ትዪኝ የለም እንዴ። ይሄኛውን ያንቺ ልብ ወለደው» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልብ ወለድ አንብቤያለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝም፣ ለሳምንት ያስተከዘኝም አለ። ያቺን የጣሳ ውሃ የሚያህል ግን አልገጠመኝም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በከተማችን ሲያልፍ፣ አዴ ጫልቱ ሸንኮራቸውን ትተው ደጃቸው ላይ እንስራ አቆሙ። ለመጣው ሁሉ በጣሳ እየቀዱ ይሰጣሉ፤ ሲያቀብሉም የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነበር። ቶሎሳ አልመጣም። ያ የትም ያልተጻፈ ገጽ ግን ስንቱን የሰው ልጅ ውሃ አጠጣ።