ሲቪል የለበሰው ጠመንጃ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ባለቤቴ ፖለቲካ ተወ። ያን ሰሞን ለንደን ውስጥ ስብሰባ ያልጠራ ሐበሻ አልነበረም። እሱም አንዱንም ሳያስቀር ይሄድ፣ ከአንዱም ሳይጣላ አይመለስም ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ዊልስደን ያለችው ጠባብ ሳሎናችን መሀል ቆሞ «ከእንግዲህ ስብሰባ የለም» አለኝ። ስለቴ ሰመረ ብዬ በማግስቱ ጧፍ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሳምንቱ በስብሰባው ፋንታ ምን እንደሚጀምር ነገረኝ። አደን። የበራ ጧፍ ደግሞ አይመለስም፤ አደኑም እንዲቀር ሌላ ስለት ተሳልኩ።

ነገሩ የመጣው ከሚሠራበት ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አብሮት ሻንጣ የሚጭን አንድ ስኮትላንዳዊ በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ አገሩ እየገባ አጋዘን ያድናል። ባለቤቴ በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ስንት ዓመት እንደተዋጋ እንደ አድማጩ ይለያያል። ስኮትላንዳዊው ይህን ሲሰማ «ፈቃድና ጠመንጃ ካለህ ይዤህ እሄዳለሁ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ከአገር ከወጣን ወዲህ አንድ ነገር እንደዚያ አጥብቆ ሲመኝ አላየሁትም፤ የእንግሊዝ ፓስፖርቱን እንኳ።

ሌላው ሰው አዲስ ጠመንጃ ይገዛል። የእኔው ግን የወደደው የእንግሊዝ ጦር አርጅቶብኛል ብሎ ያሰናበተውን ነው። ከለንደን ወጣ ብሎ እንዲህ ያለውን ጡረተኛ ጠመንጃ ለአዳኝ የሚያስተካክል አንድ ሽማግሌ አለ። ፈቃዱ እስኪወጣ ጠመንጃው እዚያው እሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ እኛ ሄደን ማየት እንጂ ይዘን መውጣት አይፈቀድልንም። ሌላ ሰው የታመመ ዘመድ ይጠይቃል፣ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃ እንጠይቃለን።

አንድ ቀን ስንደርስ ሽማግሌው መጋዝ ይዟል። የወታደር ጠመንጃ እስከ አፈሙዙ ድረስ እንጨት ለብሷል፤ ያንን የፊቱን እንጨት ግማሽ በግማሽ ቆርጦ ጣለው። ሳንጃ የሚሰካበትን ብረት በሞረድ ፋቀው። ከላዩ ላይ ደግሞ ለማነጣጠሪያ መነጽር ቀዳዳ በሳለት። ባለቤቴ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ሲቪል ሲያለብሱት እያየሁ ነው።»

«አንተንስ አልብሰውህ የለ። ሞትክ?»

ሽማግሌው ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰና ዘይት በጨርቅ ይቀባው ጀመር። ሽታው ስላልጠፋኝ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። የተልባ ዘይት ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና እኔም ከቤቴ የወጣሁት ተልባ ጠጥቼ ነው። ባለቤቴ በሂትሮው ካንቲን ምን እንደሚበላ ስለማውቅ፣ ከሁለቱ የሚጾመው ጠመንጃው መሆኑን በልቤ መዘገብኩ።

ባቡር ላይ «አጋዘኑን ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«ትሠሪዋለሻ።»

«በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ ድስቴ ውስጥ አይገባም።»

«ከመተኮሴ በፊት እላለሁ።»

«አጋዘኑ ቆሞ ይጠብቅሃል?»



ፈቃድ ለማግኘት ቤት ውስጥ ጠመንጃው የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን ያስፈልጋል። ገዝቶ ነጠላዬ የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ውስጥ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰረው። ሁለቱን ቁልፎች ግን ያንኑ ቀን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ማንም አላዘዘውም፤ በቤታችን ቁልፍ፣ ፓስፖርትና የቤት ውል እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት። የባቡር መሳፈሪያ ኦይስተር ካርዱን በወር ሁለቴ የሚጥል ሰው ቁልፍ አይዝም። እኔም በክር አስሬ ከመስቀሌ ጎን አንገቴ ላይ አደረግኳቸው።

ከዚያ ፖሊሱ ሊጎበኘን መጣ። እሱም ሲቪል ለብሷል። ባለቤቴ ጠዋት «አትዋሺ፤ ግን ምንም አትናገሪ» ብሎኝ ነበር። ፖሊሱ የሣጥኑን ብሎኖች ቼክ አደረገ፣ ወተት የሌለበት የጾም ሻይ በትህትና ጠጣና ወደ እኔ ዞረ።

«ባለቤትዎ ይቆጣሉ?»

«ድሮ ስብሰባ ሲሄድ ነበር። ትቷል።»

ጻፈ። «የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት። ክሩን ከአንገቴ ሳብ አድርጌ ሁለቱንም ቁልፎች አሳየሁት። «እሱ ይጥላቸዋል» አልኩ፣ እንዲያመሰግነኝ እየጠበቅኩ። «እኔ ጋ ምንም ነገር ጠፍቶ አያውቅም።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባለቤቴ ጣራ ጣራውን አየ። በዚህ አገር ሕግ ቁልፉን መያዝ የሚችለው ፈቃዱ በስሙ የወጣለት ሰው ብቻ ነው። ሚስት መያዝ ቀርቶ የተቀመጠበትን ማወቅም የለባትም። ፖሊሱ ይህን በጣም ቀስ ብሎ አስረዳኝና ሁለት ሳምንት ሰጠን። ያኔም ካልተስተካከለ ፈቃዱ እንደማይወጣ ተናግሮ ሄደ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምስጢር ስትጠብቂ ኖረሽ» አለ ባለቤቴ፣ «የተናገርሽው ዛሬ ነው?»

«ማን ጠየቀኝና?»

በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ሣጥን ገዝቶ ቁልፎቹን እዚያ ውስጥ ከተተ። ፖሊሱ ሲመለስ ሰሙነ ሕማማት ነበር።

«ቁጥሩን ያውቁታል?»

«አልነገረኝም» አልኩ። እውነት ነው። ግን በዚያ ሳምንት ግማሽ እውነት ተናግሮ እንዴት ይሰገዳል? «የሠርጋችን ቀን ይመስለኛል።»

የባለቤቴን ፊት ላየ፣ ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለገም። ፖሊሱ ሳቁን በሳል ሸፈነና «አሁኑኑ ይቀይሩት» አለ። እኔን እንደ ሕፃን ወደ ኩሽና ላኩኝ። ከዚያ ሆኜ አራት ጊዜ ጢጥ ሲል ሰማሁ።

ፈቃዱ ወጣ። ጠመንጃውም በፈረንጆቹ በጋ መጣ፤ አጭር፣ ቀላል፣ እንጨቱ የሚያበራ፣ ጦርነት አይቶ የሚያውቅ የማይመስል። ባለቤቴ አዲሱን ቁጥር ከጻፈበት ወረቀት እያየ ቆለፈበት። ወረቀቱን የት እንዳደረገው ጌታ ይወቅ።

መስከረም መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጠዋት መጥቶ ከደጅ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል። ከመኝታ ቤት ጢጥ ጢጥ ይሰማኛል፤ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ አዲሱን የአደን ጃኬቱን እንደለበሰ ወጣ።

«ቁጥሩን በድንገት አይተሽው አታውቂም?»

«ሕጉ ይከለክላል።»

«ሕጉን ተይው። ታውቂዋለሽ ወይ?»

በዚያ ቤት ውስጥ እኔ የማላውቀው የመጀመሪያው ነገር ነበር። «አላውቀውም» አልኩት። ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ደስታውን አይችለውም ነበር። ከዚያ ባዶ እጁን ደረጃውን ወረደ። ስኮትላንድ ደርሶ የጓደኛውን ዕቃ ተሸክሞ ዋለ፤ ልክ እንደ ሂትሮው።

እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አደን እንዲቀር የተሳልኩት ማን ሆነና። እሁድ ጧፍ ይዤ ሄድኩ፣ ሳላበራው መለስኩት። ቤት ስገባ ነጠላዬን ልሰቅል ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ከብረት ሣጥኑ ተልባ ተልባ ይሸታል።