ከካሜራው ጀርባ የቆመው ሰው

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የኢንተርኔት ቤት በነበረኝ ዘመን፣ በቪዲዮ መነጋገርን የሚያበላሸውን ነገር ሁሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። ሰዎች ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና ፊታቸው ይጨልማል፤ ወንበሩን አዞርላቸዋለሁ። መስመሩ ሲጎተት ሌሎቹን ኮምፒውተሮች አጠፋለሁ። አፋቸውን ማይክሮፎኑ ላይ ደቅነው የሚጮኹትን ደግሞ እቆጣለሁ። ትዕግሥት የለኝም፤ ደንበኞቼም ያውቁታል።

አንድ ቀን ለጎረቤቴ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ደረሳት። ከባሏ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ወደ ዶካ ተሻግራ፣ በዚያው ሱዳን የቀረች ሴት ናት። ባሏ ባሕር ማዶ ከገባ አምስት ዓመት ሆኖታል። አሁን ሊወስዳት አመልክቶ፣ የቪዛ ቢሮው በቪዲዮ ሊጠይቃት ነው። ካለፈች ትሄዳለች፤ ከወደቀች ሁለተኛ ዕድል እንደሌላት ተነግሯታል።

«ወንድምዓለም፣ እኔ ይኼን ነገር አላውቀውም፤ አደራህን» አለችኝ።

ለዚያ ቀን ሱቁን ዘጋሁ። ጄኔሬተሩን ነዳጅ ሞላሁ። ሱዳኖች ሙከይፍ የሚሉት ማቀዝቀዣ ስለሚያጓራ አጠፋሁትና ሁለታችንም በላብ ተጠመቅን። ሹክሹክታ ሳይቀር የሚይዝ ጥሩ ማይክሮፎን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። የቢሮው ደብዳቤ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን እንድትሆን ያዛል፤ አንብቤዋለሁ። ግን በእኛ ወግ ሰው በጭንቁ ቀን ብቻውን አይተውም። ለቅሶም ይሁን ፍርድ ቤት፣ ጎረቤት አብሮ ይቀመጣል። ካሜራው እስካላየኝ ድረስ ምን አለበት ብዬ ከጀርባው ቆምኩ።

ጥያቄው በማዳመጫው ስለሚመጣ እኔ የምሰማው የእሷን መልስ ብቻ ነበር። ጥሩ ስትመልስ ቆየች። ከዚያ «የአስተርዮ ማርያም ማግስት» አለች። ጥቂት አዳምጣ «የተጋባነውማ የአስተርዮ ማርያም ማግስት ነው» ብላ ደገመች። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጠየቋት እንደሆነ ገባኝ። ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ ቀኑን አስልቼ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ።

«ጃንዋሪ ሠላሳ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እሷ ሳትደግመው ፊቷ ተለዋወጠ። «ማንም የለም» አለች። አሁንም አዳምጣ «ማንም የለም፤ ብቻዬን ነኝ» አለች። ቃለ መጠይቁ ወዲያው አበቃ።

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ፤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ የወንድ ድምፅ ተሰምቷል፣ አመልካቿ ግን ማንም የለም ብላለች፣ ስለዚህ ቃሏ አይታመንም ይላል። ሳላፍር በእሷው ላይ ተናደድኩ።

«እውነቱን ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» አልኳት።

«አንተን እንዳያስሩህ ፈርቼ ነው» አለች።

የደብዳቤው ቅጂ ለባሏም ደርሶት ኖሯል። ደውሎ የጠየቃት ስለ ቪዛው አልነበረም፤ ወንዱ ማን እንደሆነ ነው። ነገረችው። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት፤ በአላህ ማልኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ አልደወለላትም።