የአክስቴ ነጠላ

እስከ ዛሬ አራስ ልጠይቅ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሕፃኑ ላይ አይደለም፤ የጠያቂዎቹ ነጠላ ላይ ነው። ጥለቱ ወደ ታች መውረዱን ካላየሁ ልቤ አይቀመጥም። ልጆቼ "አመልሽ ነው" ይሉኛል። አመሌስ ብዙ ነው፤ ይኼኛው ግን ከሰው የወረስኩት ነው።

ሴት ልጄን የወለድኩት ላሊበላ ነው፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። እሱን በወለድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእናቴ መርዶ ከገጠር መጣ። አንዲት ዘመድ ክፉ ወሬ ለአራስ እንደማይነገር እያወቀች ደጃፌ ላይ ጮኸች፤ እኔም ከመደቡ ዘልዬ ወጣሁ። በማግስቱ ወተቴ ነጠፈ። የፍየል ወተቱም፣ የአብሹ ውሃም፣ ስለቱም አልሆነም። ልጁ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ።

ስለዚህ ሁለተኛዋ ስትወለድ ሰው የሚጠይቀው ማንን እንደምትመስል አልነበረም። "ወተቱስ?" ነበር። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና ሰማንያውን ቀን በጣቴ እየቆጠርኩ እጠብቅ ጀመር። እዚያ ካደረሰችልኝ ሌላ ነገር ማርያምን አልለምናትም ብዬ ነበር።

ዘመኑ የጥጋብ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የማርያም ማኅበርተኞች ተራ አውጥተው ገንፎዬን አገነፉልኝ። አንዷ የገብስ ዱቄት፣ አንዷ ተልባ፣ ሌላዋ ከየት እንዳገኘችው እንጃ በቅል ማር ይዛ ትመጣለች። የንስሐ አባቴም በየጠዋቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ ብለው ጠበል ይረጩኛል። ከሁሉም በላይ ግን የአባቴ እህት ነበሩ። ቤታቸው ከቤቴ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሲያስላቸው እሰማለሁ። አንድ ልጃቸው ከቅዳሜ ገበያ ታፍሶ ለውትድርና ወደ ኤርትራ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔና እሱ አንድ ጓሮ ያደግን፣ በአንድ ሳህን የበላን ነን። እህት ስለሌለው "እህቴ" የሚለኝ እኔን ነበር።

ልጄ ሦስት ሳምንት ሳይሞላት የጠያቂው ሁኔታ ተለወጠብኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ አክስቴ ቤት ይገባል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ጭሳችሁ!" ይላሉ፣ እሳቱ ጠፍቶ ሳለ እንኳ። ሳቃቸው በዛ። ባለቤቴ ገንፎ ሲያቀርብልኝ ፊቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ ምላሴ ክፉ ነው፣ "ሴት ወለደችብኝ ብለህ ነው?" ብዬ ወጋሁት። ገንፎውን አስቀምጦ ወጣ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ አንድ ቅል ቅቤ አመጡልኝ። አውቀዋለሁ፤ ለልጃቸው መምጫ ብለው ያስቀመጡት የበሰለ ቅቤ ነው።

"እቴቴ፣ ልጅዎ ሲመጣ በባዶ ሊቀበሉት ነው?" አልኳቸው እየሳቅኩ።

ከቅቤው ለገንፎዬ አስቀርተው ጥቂቱን መሐል አናቴ ላይ አደረጉና በመዳፋቸው ያሹልኝ ጀመር። ፊታቸው አይታየኝም። "የእሱን ድርሻ አንቺ ብይለት፣ የኔ ዓለም" አሉኝ።

እኔም ምርቃት መሰለኝና "አሜን" አልኩ።

ይህች "አሜን" ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ። ሰው የሚያጽናናኝ በየዋህነት ነው ያልሽው እያለ ነው። የዋህነት ቢሆንም ከአፌ ወጥታለች።

ስልሳውን ቀን ካለፍኩ በኋላ አክስቴ አንድ ጠዋት አጥሚት ይዘው ገቡ። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለብሰውታል፤ እንዲህ የሚለበሰው ለቅሶ ቤት ነው። "እቴቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው ነጠላዎን የገለበጡት?" ብዬ ቀለድኩ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ባሉበት ደረቁ። አክስቴ ቁልቁል ነጠላቸውን አዩት፤ ከዚያ "እርጅና ነዋ! በጨለማ ለብሼ" ብለው ሳቁ። አወለቁ፣ አዞሩ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ለበሱ። ጥለቱን ደጋግመው ቁልቁል ሲጎትቱት አይቻለሁ። አይቻለሁ፤ ግን ልጄ አለቀሰችና ወደ እሷ ዞርኩ። ለማወቅ አልፈለግኩም ይሆን? ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ ራሴን።

ሰማንያው ሞላ። ልጄ ክርስትና ተነሳች። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እልልታውን ያቀለጡት አክስቴ ነበሩ፤ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ፣ ሌሎቹ ካቆሙም በኋላ። የንስሐ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በግድግዳው በኩል ጩኸት ሰማሁ። ባለቤቴ ልብሱን ለብሶ ጠብቆኛል። ያን ጊዜ ነገረኝ። ልጄ በተወለደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር የአክስቴ ልጅ መሞቱን ለንስሐ አባቴ ተናግሯል። ቀበሌ ገና ምንም አላለም። አክስቴ ሲነገራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ "አራሷ ትሰማለች፤ ሰማንያው ይሙላ" ብለዋል። አገሩ በሙሉ አውቋል። በሹክሹክታ አልቅሷል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የወንድሜን ሐዘን ደብቀው ቅቤውን አበሉኝ! ሳላለቅስለት በልቼ ወፈርኩ! ልጄን እንዳቀፍኩ፣ ባዶ እግሬን ሮጬ ግቢያቸው ገባሁ።

ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ መሐል ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ፤ ነጠላቸው ጥለቱ ወደ አንገት ነው። አዩኝ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ልጅቷ ጠብታለች?" አሉኝ።

"ኧረ እቴቴ..." አልኩ።

"ጠብታለች ወይ?"

"አልጠባችም።"

"እንግዲያው ተቀመጪና አጥቢያት። እኛ እንቆያለን።"

ተቀመጥኩ። ጡቴን አወጣሁላት። ወተቱ መጣ። ያ ሁሉ አልቃሽ ዝም አለ፤ በግቢው የሚሰማው ልጄ ስትውጥ ብቻ ነበር። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጠግባ ስትለቀኝ አክስቴ ነጠላቸውን አጠበቁና ካቆሙበት ቀጠሉ።